ቤት በጀርባው፣ ዴይኬር በሆዱ

አንዲት እናት ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ዴይኬር (የሕፃናት ማቆያ) ስታመጣ ቦርሳው ውስጥ የሌለ ነገር የለም። ዳይፐር፣ ቅያሪ ልብስ፣ የታለበ የጡት ወተት፣ የትኩሳት መድኃኒት፣ አንዳንዴም ትንሽ የማርያም ሥዕል። አደራውም ረጅም ነው። ወተቱ ለብ ይበል እንጂ አይሙቅ። ከጠባ በኋላ ይገሳ። ሲያለቅስ እሹሩሩ ይወዳል። ይህን ሁሉ ተናግራ፣ ሁለቴ ስማው፣ ዓይኗን እየጠረገች ትወጣለች። አንድ ነገር ግን ሳትናገር ሄደች። «ቤት እንዴት ነው የምታስተኙት?» ብሎ የጠየቃትም የለም።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት የአገሬ ልጅ በቤቷ በከፈተችው ዴይኬር ሠርቻለሁ። እሷ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። መጀመሪያ ግራ ይገባኝ ነበር። ሕፃን መቼም ይተኛል፣ አተኛኘቱ ምን ያነጋግራል? የገባኝ በኋላ ነው፣ ግዴታ የሆነውን ሥልጠና ስወስድ።

እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ባለው ጊዜ በ11 የአሜሪካ ግዛቶች ተኝተው በድንገት የሞቱ 1,900 ያህል ሕፃናት መዝገብ ተመርምሮ ነበር። ከአምስቱ አንዱ የሞተው ከወላጁ ውጭ ሌላ ሰው እየጠበቀው ሳለ ነው። ሕፃናት በማቆያ ከሚያሳልፉት ሰዓት አንጻር ሲሰላ ይጠበቅ የነበረው ግን ከመቶ ስምንት ገደማ ነው። አብዛኞቹም የሞቱት በመኖሪያ ቤት በተከፈቱ ማቆያዎች ነው። እኛ ሃበሾች በብዛት የምንሠራው እንዲህ ባሉት ቤቶች ስለሆነ ይህ ቁጥር ልቤን ነካው። ከዚህ የሚያስደነግጠው ደግሞ ጊዜው ነው። በማቆያ ከሚያጋጥመው ሞት ሲሶው የሚደርሰው ሕፃኑ በገባበት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከዚያ ሲሶ ውስጥ ግማሹ በመጀመሪያው ቀን።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሞግዚቷን ነው። ጥላው ሄዳ ነው፣ ስልኳን ስትነካካ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤቱ ሁልጊዜ በጀርባው የሚተኛ ሕፃን አዲስ ቦታ ሲሄድ አልተኛም ብሎ ያለቅሳል። ሞግዚቷ አዝናለት በሆዱ ታስተኛዋለች፣ ዝም ይላል። እንዲህ ያለወትሮው በሆዱ የተኛ ሕፃን አደጋው እስከ 18 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። በሆድ መተኛት ለለመደውም አደጋ ነው። ላልለመደው ግን ይብሳል፤ ፊቱ ፍራሽ ውስጥ ሲገባበት አንገቱን ቀና አድርጎ ማዞር ገና አልተለማመደም።

ዕድሜውን ደግሞ ልብ በሉ። ይህ ሞት የሚበረታው ከአንድ እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ነው። ከመቶ ዘጠናው የሚሆነው ስድስት ወር ሳይሞላ ነው። አሁን የወሊድ ፈቃዳችንን እንቁጠር። አሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው ያለ ደመወዝ 12 ሳምንት ነው። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ሁለቱም ጋ እናት ወደ ሥራ ስትመለስ ልጁ ገና ሦስት ወር ገደማው ነው። ሕፃኑ ወደ ሌላ እጅ የሚሻገረው አደጋው በሚበረታበት ሰሞን ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ ሞቱ ምንድን ነው? ሐኪሞች «ድንገተኛ የሕፃናት ሞት» ይሉታል፤ የእንግሊዝኛው ምህጻር ሲድስ ነው። ጤናማ ይመስል የነበረ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን በእንቅልፉ ሞቶ ይገኛል። አስከሬኑ ይመረመራል፣ የተኛበት ቦታ ይታያል፣ የሕክምና ታሪኩ ይገላበጣል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ምክንያቱ ካልታወቀ ስሙ ያ ይሆናል። በትራስ ወይም በብርድ ልብስ ታፍኖ የሞተው ለብቻው ይመዘገባል። ሁሉም ሲደመር አሜሪካ ውስጥ በዓመት 3,500 ገደማ ሕፃናት ማለት ነው። እኛ አገር ሕፃን ተኝቶ ሲቀር አስከሬን መመርመር የተለመደ አይደለም። «ዓይን በላው»፣ «እግዜር ወሰደው» ተብሎ በዚያው ቀን ይቀበራል። ስለዚህ ይህ ሞት እኛ ዘንድ ስም እንኳ አልወጣለትም።

ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ባይታወቅም እ.ኤ.አ. በ1994 የቀረበ አንድ ማብራሪያ ብዙ ሐኪሞችን ያስማማል። ሦስት ነገር ሲገጥም ነው ይላል። አንደኛው፣ ሕፃኑ ሲወለድ ጀምሮ ከውጭ የማይታይ ድክመት ይኖረዋል፤ በተለይ ትንፋሽንና መንቃትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ላይ። ሁለተኛው ዕድሜው ነው። ሦስተኛው ከውጭ የሚመጣ ጫና ነው፦ በሆድ መተኛት፣ ለስላሳ ፍራሽ፣ ከመጠን ያለፈ ሙቀት፣ የሲጋራ ጭስ። የመጀመሪያውን ማንም በዓይኑ አያየውም። ሁለተኛው በጊዜው ያልፋል። በእጃችን ያለው ሦስተኛው ብቻ ነው።

በሆዱ የተኛ ሕፃን ምን ይሆናል? ፊቱ ወደ ፍራሹ ስለሚዞር ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል። ኦክስጅኑ እያነሰ፣ የተቃጠለው አየር እየበዛ ይሄዳል። ጤነኛ ሕፃን ይህን ጊዜ ነቅቶ ያለቅሳል ወይም ራሱን ያዞራል። ድክመት ያለበት ግን አይነቃም። ሞግዚቶችም እናቶችም «በሆዱ ሲተኛ ጥሩ እንቅልፍ ይወስደዋል» ሲሉ ልክ ናቸው፤ በእርግጥም እንቅልፉ ይጠልቃል። ችግሩ እሱ ራሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ቶሎ ቶሎ መንቃት የሕፃኑ መከላከያ ነው። (ለወላጅ ይህ ክፉ ዜና እንደሆነ አውቃለሁ።)

ደግሞ በሆድ አስተኙ ብለው ያስተማሩን ሐኪሞች ራሳቸው ነበሩ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በምዕራቡ ዓለም ሕፃን ትን እንዳይለው በሆዱ ይተኛ የሚል ምክር ተስፋፋ። ኔዘርላንድስ ምክሩን በ1970ዎቹ ስትቀበል በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር አሻቀበ። እዚያው በ1987 ምክሩ ተቀለበሰ፣ ሞቱም ወረደ። እንግሊዝ ውስጥ የታወቀችው የቴሌቪዥን አቅራቢ አን ዳይመንድ በ1991 ሕፃን ልጇ ሴባስቲያን ተኝቶ ቀረባት። እሷም ነገሩ በደንብ ወደተጠናበት ወደ ኒውዚላንድ ሄዳ ጠያየቀች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የእንግሊዝ ዘመቻ ተጀመረ። የሟቾቹ ቁጥር በጥቂት ዓመት ከግማሽ በታች ወረደ። አሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበሩ በ1992 ምክሩን ለወጠ፣ አገር አቀፉ ዘመቻ በ1994 ቀጠለ። በ1990 ከ100,000 ሕፃናት 130 የነበረው ሞት በ2020 ወደ 38 ወርዷል። ከቅነሳው ከፊሉ መርማሪዎች የስያሜ አጠቃቀማቸውን ስላጠበቁ ነው። ቢሆንም አንድም መድኃኒት ሳይገዛ ይህን ያህል ነፍስ ያተረፈ ምክር ብዙ አይገኝም። (እዚህ የጠቀስኳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጁ ቁጥር ብቻ በእኛ ነው።)

«ትን ይለዋል»

ከአዲስ አበባ የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ የመጡ አያት በጀርባው የተንጋለለውን ሕፃን ሲያዩ አያስችላቸውም። «ኧረ ቢያቀረሽ ትን ይለዋል! በጎኑ አድርጊው» ይላሉ። ልጅቱ፣ «እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ በጀርባው ነው ያለው» ትላለች። መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች! አንቺስ እንዴት ያደግሽ መሰለሽ?»

ፍርሃቱ የሞኝ ፍርሃት አይደለም። ግን እስቲ የአካሉን አሠራር እንይ። የአየር ቧንቧው ከፊት ነው፣ የምግብ ቧንቧው ከኋላ፣ ወደ ጀርባ በኩል። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ ይሆናል። ያቀረሸው ወተት ወደ ሳንባ እንዲገባ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ፈሳሽ ደግሞ ቁልቁል ነው የሚሄደው። በሆዱ ሲገለበጥ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የምግብ ቧንቧው ከላይ፣ የአየሩ ከታች። አሁን ወተቱ የሚጠራቀመው የአየር ቧንቧው አፍ ላይ ነው። በዚያ ላይ በጀርባው የተኛ ሕፃን ሲያቀረሽ ይውጠዋል ወይም ያስለዋል፤ ይህን ተፈጥሮ ሰጥታዋለች። ዓለም በጀርባ ወደ ማስተኛት ሲዞር ትን ብሏቸው የሚሞቱ ሕፃናት ይበዛሉ ተብሎ ተሰግቶ ነበር። አልበዙም።

በጎን ማስተኛትስ? አያቶች እንደ መታረቂያ የሚያቀርቡት እሱን ነው። ሕፃን በጎኑ አይጸናም፤ ትንሽ ሲንፈራገጥ በሆዱ ይደፋል። ስለዚህ እሱም አይመከርም።

ጭንቅላቱ ይጠፈጠፋል የሚለው ስጋት ግን እውነት አለው። መፍትሔው ነቅቶ ሳለ፣ ሰው እያየው፣ በሆዱ ማጫወት ነው። ከሆስፒታል እንደወጣ በጥቂት ደቂቃ ይጀመራል፤ ሰባት ሳምንት ገደማ ሲሞላው በቀን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይደርሳል። አንገቱም ትከሻውም ይጠነክራል። አያት በሆዱ ማየት ከናፈቃቸው ይህ ሰዓት የእሳቸው ይሁን፤ ብዙ ጠብ እንዲህ ሲበርድ አይቻለሁ።

መገላበጥ ሲጀምርስ? ሁልጊዜ በጀርባው አስተኙት። በራሱ ወዲያም ወዲህም መገላበጥ የሚችል ከሆነ ግን ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳችሁ አትመልሱት። በጨርቅ መጠቅለል የሚቆመውም የመገላበጥ ምልክት እንደታየ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ወር ላይ። እጁ የታሰረ ሕፃን በሆዱ ከተደፋ መመለሻ የለውም።

ጋቢ፣ ነጠላና ባዶ አልጋ

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። ክረምት ነበር። የተኛው ሕፃን እጁ ቀዘቀዘኝና ነጠላዬን አውልቄ እስከ ፊቱ ላለብሰው ስል የዴይኬሩ ባለቤት እጄን ያዘችኝ። ቅር አለኝ። እኛ ሕፃን ሳንሸፍን የት እናውቃለን? ብርድ እንዳይመታው፣ ምች እንዳይነካው፣ የሰው ዓይን እንዳያገኘው ብለን ጭንቅላቱንም ፊቱንም እንሸፍናለን። ደጋ አገር ያደግን ነን።

ሕፃን ግን ሙቀቱን በብዛት የሚያስወጣው በጭንቅላቱና በፊቱ ነው። ሁለቱ ሲሸፈኑ ይግላል፤ ሙቀት ደግሞ እንቅልፉን አጥልቆ መንቃቱን ያከብድበታል። እጅና እግሩ ቢቀዘቅዝ ብዙ አያስጨንቅም፣ የሕፃን ነገር ነው። ትክክለኛውን ሙቀት ለማወቅ ደረቱን ወይም ማጅራቱን ዳስሱ። ካላበው በዝቶበታል። ልኩ እናንተን ከሚበቃችሁ ልብስ አንድ ድርብ ቢጨመር ነው። ለብርድ የሚለበስ፣ ዚፕ ያለው የእንቅልፍ ከረጢት አለ። እሱ ከሌለ ወፍራም ቱታ ይበቃል። ቤት ውስጥ ሲተኛ ኮፍያ አይደረግለትም።

አልጋውስ? ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ፣ ጥብቅ ያለ አንሶላ፣ ሕፃኑ። በቃ። ትራስ የለም፣ አሻንጉሊት የለም፣ ጋቢ የለም። «ምነው እስር ቤት አስመሰላችሁት» ያለችኝ እናት ነበረች፤ እውነቷን ነው፣ ያስመስላል። በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረው ለስላሳ መከላከያም ያምራል እንጂ ያፍናል። አሜሪካ እሱንና ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበሉ የሕፃን መተኛዎችን በ2022 በሕግ አግዳለች። ያዘነበለው ክፉ የሆነው የሕፃን ጭንቅላት ከባድ ስለሆነ ነው፤ አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ እንደ ገለባ ቀጭን የሆነው የአየር ቧንቧው ይታጠፋል። የመኪና ወንበርም እንደዚያው ነው። መንገድ ላይ ሕይወት ያድናል። ልጁ ተኝቶ ዴይኬር ሲደርስ ግን «አትቀስቅሱት» ብሎ ወንበሩ ላይ መተው ልክ አይደለም። ወዲያው ወደ አልጋው ነው። ብዙ እናት በዚህ ታኮርፋለች።

አብሮ መተኛት

የንጉሥ ሰሎሞንን ፍርድ የማያውቅ የለም። ሁለት ሴቶች በአንድ ልጅ ተጣሉ፣ ሰይፍ አምጡ አለ። የሌላኛው ልጅ እንዴት እንደሞተ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? እናቱ ሌሊት ተኝታበት ነው። ነገሩ የቆየ ነው።

የአሜሪካ ሐኪሞች ምክር አጭር ነው፦ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር በአንድ ክፍል አብራችሁ ተኙ፣ በአንድ አልጋ ግን አትተኙ። እንግሊዞች ለዘብ ይላሉ፤ የራሱ ቦታ ይሻለዋል፣ አብራችሁ የምትተኙ ከሆነ ግን አደጋውን እንዲህ ቀንሱ ብለው ያስተምራሉ። እኔ ለእኛ ሰው የሁለተኛው አነጋገር ይሻላል ባይ ነኝ። አዲስ አበባ በአንዲት ክፍል፣ በአንድ አልጋ፣ ከባልና ከሁለት ልጆች ጋር የምትተኛን አራስ «የሕፃን አልጋ ግዢ» ማለት ምክር አይባልም። ጡት የምታጠባ እናት ደግሞ ሌሊት አጠገቧ ታደርገዋለች፤ ማጥባቱም ራሱ ይህን ሞት ይቀንሳል።

ታዲያ አብሮ መተኛት ግድ ከሆነ ከሁሉ የሚከፋውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። የጠጣ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት የወሰደ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሕፃን አጠገብ አይተኛ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን በምንም አብሮ አይተኛ። በባልና ሚስት መሃል፣ በወንድሞቹ መሃል አይደረግ። ትራሱና ጋቢው ከእሱ ይራቅ። በግድግዳና በፍራሽ መካከል ክፍተት አይኑር። ከሁሉ ከሁሉ ግን ሶፋ! ሕፃን ታቅፎ ሶፋ ላይ ማሸለብ ከአልጋው እጅግ የከፋ ነው፤ በመደገፊያውና በሰው አካል መሃል ይሰምጣል። ቀን የሰው ቤት ሲያጸዱ ውለው ሌሊት የአሠሪያቸውን ሕፃን የሚያቅፉ በአረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ይህን በተለይ ይወቁልኝ። ሊያንቀላፋችሁ ሲል ሕፃኑን የራሱ አልጋ ላይ አስቀምጡት። ቢያለቅስም ያልቅስ።

ከሰልን ሳልጠቅስ አላልፍም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አያይዞ መተኛት ከሲድስ ጋር የማይገናኝ ሌላ ገዳይ ነው፤ ጋዙ አይሸትም። ምድጃው ከመኝታ በፊት ይውጣ።

ፓሲፋየርም (ሕፃን የሚጠባው የላስቲክ ጡት) ይረዳል፤ ለምን እንደሚረዳ በትክክል ባይታወቅም እንቅልፍ ላይ ሲጠባ አደጋው ይቀንሳል። ጡት ማጥባቱ ከተደላደለ በኋላ ይጀመር፣ አንገት ላይ በገመድ አይታሰር። ተኝቶ ከአፉ ቢወድቅ መመለስ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ሳምንት

ወደ ዴይኬሩ ልመለስ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ፈቃድ ያለው ማቆያ ሕፃንን በጀርባው የማስተኛት ግዴታ አለበት። እናት «በሆዱ ካልሆነ አይተኛልኝም፣ እኔ ፈርሜያለሁ» ብትልም አይቻልም፤ የሐኪም ደብዳቤ ያስፈልጋል። የመንግሥት ድጎማ የሚያገኙ ማቆያዎች ሠራተኞችም በ2014 በወጣው ሕግ መሠረት የሕፃናት እንቅልፍ ሥልጠና መውሰድ አለባቸው። ሥልጠናው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈተናውን አልፈው ምክንያቱን ሳይረዱ የሚቀሩ የእኛ ሴቶች አሉ። ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ደግሞ ሕፃኑ ሃያ ደቂቃ ሲያለቅስበት ደንቡን ይረሳል። ለዚህ ነው የቧንቧውን ነገር በአማርኛ ማስረዳት ከማስፈረሙ ይበልጣል የምለው።

አዲስ አበባም መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እየከፈቱ ነው። እዚያ ያለች እናትም ሆነች ሞግዚት የምትቀጥር እናት ከመግቢያው ቀን አስቀድማ በእንቅልፍ ሰዓት ሄዳ ትይ። ሕፃናቱ በምን ተኝተዋል? አልጋው ውስጥ ምን አለ? የሚያያቸው ሰው እዚያው ክፍል ነው ወይስ በር ዘግቶ ወጥቷል? ክፍሉ የሕፃን ፊት እስኪለይ ድረስ ብርሃን አለው? ስለ ወተቱ በምታወራበት ድምፅ «ልጄ በጀርባው ነው የሚተኛው» ትበል። ቤትም ከዚያ ሌላ አታድርግ፤ ቅዳሜና እሑድ አያት ጋ ሲያድርም እንደዚያው።

የማቆያው ባለቤት ሁሉን አውቃ ሊሆን ይችላል። እኔ ጋ ግን ቀዳዳው ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ነበር። ባለቤቷ ስትወጣ ከጎረቤት የምትመጣው ረዳት ሥልጠናውን አልወሰደችም፣ ልጆቹንም በደንብ አታውቅም፣ ሲያለቅሱባት ትደነግጣለች። እሷንም ጠይቋት።